የዝምታ ጉርሻ

ነቀምት፣ ኅዳር 12 ቀን 1961 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ዛሬ ሰባ ዓመት ከሁለት ወር ከአምስት ቀን ነው።

ለተወደድህ ለልጄ ለተረፈ ማዘንጊያ፤
ሀምቡርግ

የአጎቴ የልጅ ልጅ ሆይ፣ በሰው አገር ብርድ ውስጥ ጥላ የሆነህ የአባቶችህ አምላክ ስሙ ይመስገን። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜው ቆሞ አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው።

አባትህ ማዘንጊያና እኔ ቡልጋ ውስጥ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥረን ነበር። እርሱ በእርሻው ጸና፤ እኔ ብዕሬን ይዤ ወደዚህ አገር መጣሁ። በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጠጉሬ እስኪሸብት ጽፌ፣ በጡረታዬ ደግሞ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ አቤቱታ እጽፋለሁ። ከዚህም ሌላ ከነቀምት እስከ ጊዳ አያና ሰውና ሸቀጥ የምታመላልስ አንዲት ላንድሮቨር አለችኝ፤ ሹፌሯ ዋጋሪ ይባላል።

የምጽፍልህ አንድ ነገር አልገባ ስላለኝ ነው። አንተ በዚያ አገር የመድን ሥራ ትማራለህና ትፈታልኛለህ።

ሰሞኑን መኪናዋ በአያና ገበያ ዳር ቆማ ሳለች፣ አንድ ኮርማ በበሯ ቀለም ላይ የራሱን መልክ ያያል። ሌላ ኮርማ የመጣበት መስሎት አጓራ። ያኛው መልስ አልሰጠውም። በንቀቱ ተናድዶ በሩን በቀንዱ ዘነጠለው። ዋጋሪም “አባ ኮ፣ አባቴ፣ ተዋግተን ተሸነፍን” እያለ የተቀደደ በር ይዞልኝ ገባ።

ወደ መድን ኩባንያው ወኪል ወደ አቶ ነገራ ሄድኩ። “በሩን አሠራልኝ፤ በየዓመቱ የምከፍለው ለዚሁ አይደለም?” ስለው እጄን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝ።

“ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት” አለኝ። “እስከ ዛሬ ምንም ስላልጠየቁ ነው ክፍያዎ በየዓመቱ እየቀነሰ የመጣው። ዛሬ ከጠየቁ ቅናሹ ይቀርብዎታል።”

“ታዲያ የምከፍለው ለምንድን ነው?”

“እንዳይጠይቁ ነዋ!” አለና በራሱ ቃል ሳቀ።

ልጄ፣ ዘበኛ ቀጥሮ ሌባ ሲመጣ “ዘበኛውን እንዳትቀሰቅሱት” የሚል ባለቤት አይቼ አላውቅም። እኔ ይህን ነገር የዝምታ ጉርሻ ብዬዋለሁ። ስሙን ሰጥቼዋለሁ፤ ትርጓሜውን አንተ ስጠኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ የተማርከውን አካፍለኝ።

አሽጌ ልኬዋለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ ወልደ ሰንበት


ሀምቡርግ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ስለ ኮርማው ያሉትን ሥራ በምማርበት የመድን ቢሮ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ መጥቶ “ምን ተገኘ?” አለኝ። ተረጎምኩለት፤ እርሱም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን “ጥፋቱ የኮርማው ነው፤ ቅናሹ ግን ይቀራል” አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ አባቴ። ቅናሹ የሚሰጠው ጥፋት ላልሠራ ሰው ሳይሆን ካሳ ላልጠየቀ ሰው ነው። ቆመው ሳሉ ሌላ መኪና መጥቶ ቢገጭዎት እንኳ፣ ኩባንያዎ ለእርስዎ ከፍሎ ገንዘቡን ከገጪው ማስመለስ ካቃተው ቅናሽዎን ያጣሉ። ነገሩን እንደ መሰላል ያስቡት። ምንም ሳይጠይቁ ዓመት ባሳለፉ ቁጥር አንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ ክፍያዎም ይቀንሳል። ከአናቱ የደረሰ ሰው የሌላውን ግማሽ ያህል ይከፍላል። አንድ ጊዜ የጠየቀ ግን ብዙ ደረጃ ወርዶ፣ አንዳንዴም ከመሬት ላይ ቆሞ ይገኛል።

ኩባንያው ይህን የሚያደርገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለብዙ ዓመት ያልጠየቀ ሰው ለከርሞም ላይጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከእርሱ ጥቂት መቀበል ያዋጣዋል። ሁለተኛ፣ ለአንድ የመኪና በር መርማሪ ልኮ፣ መዝገብ ከፍቶ፣ ደብዳቤ ተጻጽፎ የሚያወጣው ከበሩ ዋጋ ይበልጥበታል። ትንንሹን ነገር እርስዎ እንዲችሉት ያባብልዎታል ማለት ነው።

እንግዲህ የበሩ ማሠሪያ ከሚያጡት ቅናሽ ካነሰ ከኪስዎ ያሠሩት፤ ከበለጠ ይጠይቁ። ታዲያ የሚያጡትን ሲያሰሉ የዘንድሮውን ብቻ አይቁጠሩ፤ መሰላሉን ዳግመኛ እስኪወጡ ያለውን ሁሉ ይደምሩ። ደግሞም አደጋን ማስታወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው የተጎዳ እንደ ሆነ፣ ባይጠይቁም እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ማስታወቅ አለብዎት።

እዚህ አገር ለጤናም እንዲህ ያለ ነገር አለ። እኔ የገባሁበት የሕክምና መድን፣ ዓመቱን ሙሉ የሐኪም ሂሳብ ላላቀረበ ሰው ከከፈለው ላይ ይመልስለታል። ባለፈው ተመልሶልኝ ካፖርት ገዛሁበት። አሁን ትንሽ ሳል አለችብኝ፤ የብርዱ ነው፤ በሻይ አሳልፋታለሁ።

እናቴ የጓጓችለትን የጤፍ ዘር ዋጋ ልኬላታለሁ፤ ቡልጋ መድረሱን ቢያጣሩልኝ።

ልጅዎ ተረፈ


ነቀምት፣ የካቲት 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፤

ዓይንህን ለማየት የሚያበቃን ጌታ፣ የተማርከውን ለወገን የምታውልበት ዘመን ያምጣልን። የእናትህ ገንዘብ ደርሷል፤ መርቃሃለች።

የጻፍከውን በጥንቃቄ አነበብኩት። ከንግግርህ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው “ጥፋት ላልሠራ ሳይሆን ላልጠየቀ” ያልከው ነው። በሩን በምክርህ ከኪሴ አሠራሁት። ቀለሙ አልገጠመም፤ ዋጋሪ ግን “አሁን ኮርማ መልኩን አያይባትም” ብሎ ተደስቷል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ነገር ግን የበር ነገር አይደለም። በጥምቀት ማግስት ዋጋሪ ከአያና ሲመለስ፣ ከከተማው መግቢያ ቁልቁለት ላይ አንዲት አህያ ድንገት ገባችበት። አህያዋን አድናለሁ ብሎ መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ጋቢውን በጀርባው አዝሎ ከገበያ ይመለስ የነበረውን ጃራን ገጨው። ጃራ ሸማኔ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሸማኔ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ መርገጫውን በሁለት እግሩ ካላፈራረቀ ድሩ አይከፈትለትም። እጁ ብቻ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ ለፖሊስም ለኩባንያውም አስታወቅሁ። በሳምንቱ ደግሞ በዚህ አገር ሥርዓት ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ፤ እዚህ ጃርሶሊ እንላቸዋለን። የበላያቸው ኦቦ ደረሳ ነው። አጥፊ ጥፋቱን በገዛ አፉ ካልተናገረ ዕርቅ አይጀመርምና፣ ዋጋሪን አጠገቤ አቁሜ “መኪናዋ የእኔ፣ ሹፌሩ የእኔ፣ ጥፋቱም የእኔ” አልኩ። ጊደር ሰጠሁ። ጃራ በቃሬዛው ላይ ሆኖ እጄን ሳመና “ጨርሻለሁ” አለ። ዕርቁ፣ በእነርሱ አጠራር አራራው፣ በዚሁ ጸና።

እግሩ ግን አልጸናም። ወጌሻ ያሰረው አጥንት ተጣሞ ገጠመ። የሚሲዮኑ ሐኪም አይቶት “አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ መርገጫ አይረግጥም” ብሏል። ወጪው የእኔን አቅም ያልፋል፤ መኪናዋ አርጅታለችና ብሸጣትም አይሞላም። ጃራ ደግሞ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከታረቀ በኋላ “ጨምሩልኝ” ማለት ለእርሱ ነውር ነው።

ነገራ የመሰላልህን ምሳሌ ከእኔ ሰምቷል፤ “ካሳ ልጠይቅ ነው” ስለው ደንግጦ በሩን ዘጋው። “ታርቃችኋል፣ አልቋል፤ መሰላሉ አናት ላይ ደርሰው ለምን ይወርዳሉ? ደግሞስ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት ማመን በውልዎ ክልክል ነው። ሽማግሌ ፊት ያሉትን ሰምተው እንደሆነ ጉድ ፈላ!”

እኔ ግን ልጠይቅ ቆርጫለሁ። አንተ የምታውቀውን ጻፍልኝ። ሳሌን በሻይ አሳልፋለሁ ያልከውንም አልወደድኩትም።

አሽጌ ልኬዋለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ


ሀምቡርግ፣ መጋቢት 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ። ጽሕፈቴ ቢጣመም አይቀየሙኝ፤ ተጋድሜ ነው የምጽፈው።

የአቶ ጃራ ነገር አሳዝኖኛል። እንደ ልጅዎ ግልጹን ልንገርዎ። አቶ ነገራ ስለ ውሉ ያለው እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ያሉትን ኩባንያው ካወቀ “ውል አፍርሰሃል” ብሎ እጁን ሊሰበስብ ይችላል። ያኔ ካሳውም ይቀራል፣ ቅናሹም ይቀራል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ወይ ከነጭራሹ አይጠይቁ፤ እኔ እዚህ ያጠራቀምኩት አለ፤ በሐዋላ ልኬልዎታለሁ፤ ለሕክምናው ግማሽ ያህል ይሆናል። ወይም ይጠይቁ፤ ስለ ዕርቁ ግን አንዲት ቃል አይጻፉ። ያልተጠየቁትን አለመመለስ ውሸት አይደለም።

ስለ ጤናዬ አያስቡ።

ተረፈ


ነቀምት፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተረፈ ማዘንጊያ፤

በሰላም ያገናኘን።

ሐዋላህን በመጣበት መንገድ መልሼዋለሁ። ተቀይሜህ አይደለም። አንድ ኩባንያ ይህን መሰል ነገር ሲመጣ እችላለሁ ብሎ ውል ገብቶ ስንት ዓመት ገንዘቤን ሲበላ ኖሮ፣ ዛሬ አንድ ተማሪ ልጅ ከአልጋው ላይ ሆኖ በእርሱ ምትክ ይከፍልለታል? አይደረግም! ሁለተኛው ምክርህ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው አቤቱታ ስጽፍ “ይህቺን ነገር ባንጠቅሳትስ?” ያለኝን ባለጉዳይ ሁሉ ከጠረጴዛዬ አስነስቻለሁ። ለራሴ ሲሆን ቃሌን አላጥፍም። የሆነውን ሁሉ፣ ያልኩትንም ጭምር ጽፌ ካሳ ጠይቄያለሁ።

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ አንድ መርማሪ መጣ። ጫማው የሚያበራ፣ ጭቃውን በእግሩ ጣት እየመረጠ የሚሄድ ጎልማሳ ነው። ወደ ጃራ ቤት ስወስደው ዋጋሪ ቀድሞን ደርሶ ከጃራ ጋር አንድ ሰፌድ ቆሎ ይቆረጥማል። ሰውዬው ከደጃፉ ላይ ቆመ።

“ተጎጂው የትኛው ነው?”

“እኔ ነኝ፣ ጌታው፤ ይግቡ” አለ ጃራ።

“ይኼኛውስ?”

“የገጨኝ ነው።”

መርማሪው ዞሮ አየኝ። “ገጪና ተገጪ በአንድ ሰፌድ? ጠቡ የት አለ?”

“ጠብ የለም፤ ታርቀናል” አለ ጃራ።

“አዎ፣ ይኼ ነው እንግዲህ! ተመካክሮ ኩባንያ መዝረፍ ማለት ይኼ ነው!”

ጃራ ቆሎውን ወደ እርሱ ገፋ አደረገለት። “ጌታው፣ የተሰበረው እግሬ ነው። ጠባዬ አልተሰበረም” አለው።

የጃራ ሚስት አዴ ዘርፈሽ ከጓዳ ብቅ ብላ የሰውየውን ጫማ አየችና፣ “ወንድሜ፣ ጠብ ፈልገህ ከሆነ የመጣኸው ጫማህን አውልቅ፤ ጭቃ ይነካብሃል” አለችው። ዋጋሪን ቆሎው ትን አለው።

መርማሪው እግሩን አየ፤ የሐኪሙን ወረቀት አየ፤ ስብራቱን አልካደም። ሲሄድ ግን እንዲህ አለኝ፦ “አባቴ፣ ኩባንያችን የሚከፍለው በሕግ ለተጠየቀ ሰው ነው። እርስዎን ማን ጠየቀዎት? ማንም። ያልተጠየቁትን ዕዳ ለምን ይጎትታሉ? ዝም ቢሉ ቅናሽዎ እንዳለ ይቆያል። ለእርስዎም ለእኛም ይበጃል።”

“ለጃራስ?” አልኩት።

ሰዓቱን አየና መኪናው ውስጥ ገባ።

ተረፈ፣ እነርሱ ጠብ ከሌለ ካሳ የለም ይላሉ። ጃራ ደግሞ ታርቄያለሁና አልጠይቅም ይላል። ሁለቱም ዝም ሲሉ አንድ ሸማኔ ከጉድጓዱ ውጭ ተቀምጦ ድሩን እያየ ይውላል። ሸረሪት አድርቶበታል ትለኛለች ዘርፈሽ። በዚህ መካከል እኔ ጉርሻዬን ተቀብዬ ልቀመጥ? ሞቼ ነው ቆሜ! እስኪ በምትማረው መጽሐፍ ውስጥ መንገድ ካለ ፈልግ።

ደግሞ ስለ ጤናዬ አያስቡ ብለህ አንዲት ቃል ጽፈህ አለፍክ። የደብዳቤ ሰው ነኝና ያልተጻፈውንም አነባለሁ። ለዚያ ተመላሽ ገንዘብ ስትል ሐኪም እየሸሸህ እንደሆነ፣ ደረትህን በካፖርት ዋጋ እየሸጥክ ነው።

አሽጌ ልኬዋለሁ፤ መልሱን እጠብቃለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ


ሀምቡርግ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፌአለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ከሆስፒታል ነው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቢሮ ውስጥ ወድቄ ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ አስታማሚዋ አምጥታ ትራሴ ሥር አኖረችልኝ። ሳንባዬ ነው። ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ ክኒን ይበቃው ነበር አሉኝ፤ አሁን እስከ መስከረም ያቆዩኛል። ዘንድሮ ተመላሽ ገንዘብ የለም። ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

አልጋ ላይ ስውል የጠየቁኝን አሰብኩበት፤ አለቃዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣም አማከርኩት። መርማሪው ባለጌ ቢሆንም የተናገረው የሙያው ነገር ነው። ሰው ሲጎዳ ኩባንያው የሚሸፍነው የእርስዎን ኃላፊነት ነው። ኃላፊነትዎ ደግሞ በሕግ የሚረጋገጠው ተጎጂው ሲጠይቅዎ ነው። ስለዚህ አቶ ጃራ እርስዎን በፍርድ ቤት መክሰስ አለባቸው። ፍርድ ቤቱ “ክፈል” ያለዎትን ኩባንያው ይከፍላል። ስለ ዕርቁ የሚነሳ ክርክር ካለም የሚነሳው በእርስዎና በኩባንያው መካከል ነው፤ አቶ ጃራ ያንን ውል አልፈረሙም።

ሌላ መንገድ አላገኘሁም። የታረቀ ሰው እንዲከስ ማድረግ በእናንተ አገር እንዴት እንደሚሆን እኔ አላውቅም።

ቅናሹ ያለ ጥርጥር ይቀርብዎታል። አሁን ግን እኔም ቅናሹ ይቅርብዎ እላለሁ።

ልጅዎ ተረፈ


ነቀምት፣ ኅዳር 30 ቀን 1962 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ከሃያ ሦስት ቀን።

ለተረፈልኝ ልጄ ለተረፈ፤

አስታሞ ያነሳህ፣ ለሐኪሞችህም ጥበብ የሰጠ አምላክ ክብር ይግባው። ከሆስፒታል ወጥተህ ሥራ መጀመርህን እናትህ አስጽፋ ልካልኝ እልል አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እልልታዬ አያምርምና ጎረቤት ደንግጦ መጣ።

አሁን የሆነውን ስማ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ኦቦ ደረሳ ሄጄ ሽማግሌዎቹን አሰባሰብኩ። ጃራም በምርኩዝ መጣ። “ጃራ እንዲከሰኝ ፍቀዱለት” አልኩ።

ደረሳ በትሩን መሬት ላይ አጋደመ። “ሀብተጊዮርጊስ፣ አራራ የተቀበለ አፍ ተመልሶ ክስ አይናገርም። ይህን ታውቃለህ።”

“ተከሳሹ እኔ ነኝ። እኔ ከፈቀድኩስ?”

“አንተ ገንዘብህን፣ ከፈለግህም ክብርህን ልትሰጥ ትችላለህ። የጃራን ቃል ግን አንተ ከየት አምጥተህ ትሰጣለህ?”

ጃራም “እርሳቸውን ከምከስስ የቀረው እግሬም ይሰበር” አለና ፊቱን አዞረ።

እውነቴን ልንገርህ፣ ተረፈ፣ እጄ ላይ ያለው ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ከኩባንያ ጋር መጣላት ቀላል ነው፤ ከደግ ሰው ጋር መጣላት ግን እንዴት ይሆናል?

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ወገን ዘርፈሽ ተነሣች። “እኔን ማን አስታረቀኝ?” አለች።

“ምን አልሽ?” አለ ደረሳ።

“ስትታረቁ ማን ጠራኝ? ጊደሯ ስትመጣ ሣር አጭደሽ አብዪ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን የማነሣው እኔ፣ የማስቀምጠው እኔ፣ ቅጠል ሸጬ የማበላው እኔ። ጃራ ጨርሻለሁ ብሏል፤ ይጨርስ። እኔ አልጀመርኩም!”

አንዱ ሽማግሌ “አንቺ ሴት…” ሲል ደረሳ በእጁ ከለከለው። ቀጥሎ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። “አልጠራናትም። እውነቷን ነው፤ አልጠራናትም። ያላስታረቅነውን ሰው ከክስ ልንከለክል አንችልም” አለ። አንድ ነገር ብቻ አዘዘ፤ ክሱ ሲያልቅ ዘርፈሽ በስሟ ተጠርታ፣ በፊታቸው ተቀምጣ እንድትታረቅ። ጃራም ለሚስቱ ውክልና ሊሰጥ ተስማማ። “እኔ ከሳሽ አይደለሁም፤ እርሷን ግን ማን ይችላታል?” አለ።

በማግስቱ ዘርፈሽ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያሉትን አቤቱታ ጸሐፊዎች ሁሉ ዞረች። “በእርሳቸው ላይ አንጽፍም” አሏት። ከእኔ ጠረጴዛ ፊት መጥታ ተቀመጠች።

“ክስ ይጻፉልኝ።”

“ማንን ልክሰስልሽ?”

“እርስዎን።”

ወረቀቱን አስተካከልኩ፤ ቀለሙን ነከርኩ። መጻፍ ስጀምር ትከሻዬ ላይ ሆና እያየች፣ ማንበብ ባትችልም፣ “ጠንከር ያድርጉት እንጂ!” አለችኝ። “ብዕርዎ ሲለሳለስ አየሁት። ለሚያዝኑለት ሰው የሚጽፉ ይመስላል።”

ጠንከር አደረግሁት። ተረፈ፣ በዘመኔ ስንት ባላባት፣ ስንት ሹም ከስሼ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ብዕሬ አልተሳለም። “ተከሳሽ በገዛ መኪናው፣ በቀጠረው ሹፌር” ብዬ ስጽፍ ተከሳሹን ጠላሁት። በችሎቱ ቀን ኩባንያው በእኔ ወገን ተጠርቶ ነበርና ጠበቃው አቤቱታውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ጽሕፈቱን ከውሉ ፊርማዬ ጋር አስተያይቶ ዘለለ።

“ክቡር ዳኛ፣ ይህን ክስ የጻፈው ተከሳሹ ራሱ ነው!”

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። “የከሳሽን አቤቱታ የጻፈው ማነው?”

“እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ።”

“ተከሳሹስ?”

“እርሱም እኔው ነኝ።”

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ደወላቸውን መቱ። “ለክሱ መልስህ ምንድን ነው?”

“እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ባይሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር።”

ጠበቃው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት አምኗል፣ ውል አፍርሷል እያለ ብዙ ተናገረ። መናገር ሲፈቀድልኝ እንዲህ አልኩ፦ “ሰው ገጭቼ ‘ገጨሁ’ ለማለት ከአዲስ አበባ ፈቃድ እስኪመጣ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ያ አንቀጽ ካለ፣ ያ አንቀጽ ያፍራል እንጂ እኔ አላፍርም።” ዳኛው የፖሊሱን መዝገብና የሐኪሙን ቃል መረመሩ፤ የዓይን ምስክሮችንም ሰሙ። በሌላ ቀጠሮ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ ጥፋቱ የተረጋገጠው በተከሳሹ ቃል ሳይሆን በማስረጃ ነው፤ ተጎጂዋ ወገን ያልፈረመችው ውል አያስራትም፤ ኩባንያው የሕክምናውንና የሥራ መፍታቱን ካሳ ይክፈል።

ከፈለ። ጃራ አዲስ አበባ ሄዶ እግሩ ተስተካክሎለት ከትናንት በስቲያ ተመለሰ። ገና በከዘራ ነው፤ ሐኪሙ እስከ ጥምቀት መርገጫ እንዳይረግጥ ከልክሎታል። ዘርፈሽም እንደ ታዘዘው ከሽማግሌዎቹ ፊት በስሟ ተጠርታ፣ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጣ ታረቀችኝ። እጇን ከመስጠቷ በፊት “አሁን ጨርሻለሁ” አለች፤ ደረሳም ቃሏን ደገመው።

ትናንት ነገራ የኩባንያውን ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ቅናሼ በሙሉ ተሰርዟል፤ ክፍያዬም ከአዲስ ገቢ ሰው በልጧል። ሌላም ጨምረውበታል፤ ወደፊት ከተጎጂ ወገን ጋር ባልታረቅ የሚመርጡ መሆናቸውን በትሕትና ያሳስቡኛል። መልስ ጻፍኩላቸው፦ “ዋጋችሁን እከፍላለሁ፤ ውላችሁንም አከብራለሁ። ከማን ጋር እንደምታረቅ ግን በዓመት ክፍያው ውስጥ አልተጻፈም።”

ዛሬ ጠዋት ሙሉውን፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀነስልኝ ከፈልኩ። ነገራ ደረሰኙን ሲሰጠኝ አዝኖ፣ “ይኸው እንግዲህ ከመሬት ጀመሩ፣ ጋሼ” አለኝ።

“ከመሬት ነው ሰው የሚቆመው” ብዬው ወጣሁ።

አንተም፣ ልጄ፣ ሐኪሙ ና ባለህ ቀን ሁሉ ሂድ። ሂሳቡንም በእጅህ ይዘህ፣ ቀና ብለህ አቅርብ። ያን ገንዘብ የሚመልሱልህ ሰዎች እንዳትታመም የሚመኙልህ አይደሉም፤ እንዳትጠይቃቸው ነው የሚመኙት።

ቀለሙ እንደ ደረቀ አጥፌ፣ በሰም አሽጌ፣ ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ ልኬዋለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ ወልደ ሰንበት